ከጆሮው ፊት የሚመታው ትርታ

በምስክርነት ሰዓት ማይክ ሲዞር አንገታቸውን ከሚደፉት ነኝ። ይሄን ግን ዝም ካልኩ ድንጋይ ይናገራል።

ታናሽ ወንድሜ ጥርሱን እየቦረሸ ነበር። “ራሴን!” ብሎ ጮኸ፤ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። እንደዚያ ያለ ራስ ምታት አያውቅም፤ በአንዴ ነው የመታው። ሲቲ ስካን አንጎሉ ዙሪያ ደም መፍሰሱን አሳየ። አንጂዮግራፊ የሚሉት የደም ሥር ምርመራ ደግሞ ምንጩን አገኘ፦ ወደ አንጎል ደም በሚወስደው በትልቁ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለች ትንሽ እብጠት። አኑሪዝም ይሉታል።

ትንሽ ናት ሲሉኝ ደስ አለኝ። ሞኝ ነኝ። ሐኪሙ ወረቀት ጀርባ ላይ ሣለልኝ። የተለመደው አኑሪዝም አንገት ያለው ፊኛ ይመስላል፤ አንገቱ ክሊፕ በሚሉት መቆንጠጫ ይያዛል፣ ወይም በብሽሽት በሚገባ ቱቦ ውስጡ በኮይል፣ ማለትም በቀጭን ጥቅልል ሽቦ፣ ይሞላል። የወንድሜ አኑሪዝም ግን አንገት የለውም። ጫማ ተረከዝ ላይ የሚያወጣውን ውሃ የቋጠረ ቁስል ነው የሚመስለው፤ ስስ ነው። “ክሊፕ ካደረግንበት ሊቀደድ ይችላል። ኮይል የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ስቴንት፣ ደም ሥሩን ከውስጥ የሚደግፈውን የወንፊት ቱቦ፣ ካስገባን ደም ማቅጠኛ የግድ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አሁን ነው የደማው።”

ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ጸለይኩ፤ ጸሎት ከተባለ። “ጌታ ሆይ፣ ጭንቅላቱ አይከፈት። በብሽሽት በሚገባው ቱቦ ብቻ ይለቅ።” እንደ ምግብ አዘዝኩት ማለት ይቻላል።

ከሰዓታት በኋላ ሁለት ሐኪሞች አብረው መጡ። አንዱ ጭንቅላት የሚከፍት፣ አንዷ በደም ሥር ውስጥ የምትሠራ። ሁለቱንም እናደርጋለን አሉ፤ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማደንዘዣ። መጀመሪያ ከጆሮው ፊት በራስ ቆዳው ሥር የምታልፈው የደም ሥር በራስ ቅሉ ቀዳዳ ገብታ አንጎሉ ላይ ካለ የደም ሥር ጋር ትሰፋለች። ባይፓስ፣ ማለትም ለደሙ ተለዋጭ መንገድ፣ ነው፤ ያሳርጊል የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመረው። አዲሱ መንገድ ደም ማሳለፉ ሲረጋገጥ፣ ካቴተር የሚሉት ቀጭን ቱቦ በብሽሽቱ ይገባና የታመመው ክፍል ከነእብጠቱ በፕላቲነም ኮይል ይደፈናል። እብጠቷን በመቆንጠጫ የሚነካት የለም።

እኔ “ከሁለት አንዱን” ብዬ ነበር የለመንኩት።

ቀዶ ሕክምናው አለቀ፤ ጭንቀቱ ግን አላለቀም። ከደም መፍሰስ በኋላ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ የአንጎል ደም ሥሮች ሊኮማተሩ እንደሚችሉ ነግረውናል። ለዚያ ነው ኒሞዲፒን የሚባል መድኃኒት በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀን የሚሰጠው። በ7ኛው ቀን ምላሱ ተሳሰረ። ያኔ እግዚአብሔርን ተቆጣሁት፤ አልደብቅም። “እዚህ ድረስ አምጥተህ?” አልኩት። ሐኪሞቹ በተኮማተሩት ሥሮች ደም እንዲያልፍ ሆን ብለው የደም ግፊቱን ከፍ አድርገው ያዙት። በማግስቱ ማታ ስሜን ጠራኝ። አጥርቶ። ነርሷ ለእሱ ያመጣችውን ሶፍት ለእኔ ሰጠችኝ።

“ያዳነው ሐኪም ነው እኮ” የሚሉኝ አሉ። አዎ። እኔም ያን ሌሊት እነዚያን ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ያስገባልኝን ነው የማመሰግነው።

ሲወጣ መነጽሩን ጠየቀ። የመነጽሩ የግራ እግር ባይፓሱን እንዳይጫን ማላላት ነበረብን። ከዚያ ጣቴን ይዞ ከጆሮው ፊት አስቀመጠው።

“እዚህ ጋ። ይሰማሻል?”

ይመታል።

“ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው” አለኝ።