ለልጄ ዋና ስል ከኮንዶ ቦርዱ ጋር የሄድኩበት መንገድ፣ እና ያለፈብን ሰመር

ይሄን የምጽፈው እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ ኮንዶ ውስጥ ነው፣ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ሰረብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለባት፣ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ውሃ ውስጥ ስትገባ ግን የተያዘው እግሯ ይፈታል፣ ትስቃለች፣ ሌላ ልጅ ትሆናለች። ፑሉ ደግሞ በራችን ላይ ነው፣ በየወሩ ኮንዶ ፊ እንከፍልበታለን።

ያስቸገሩን ሁለት ደንቦች ነበሩ። አንዱ ማንኛውም ተንሳፋፊ ነገር ፑል ውስጥ ክልክል ነው ይላል፣ እሷ ደግሞ ደረቷንና አንገቷን የሚይዝላት ተንሳፋፊ ከሌለ መግባት አትችልም። ሌላው ረዳቷን እንደ እንግዳ ቆጥሮ በመጣች ቁጥር ያስከፍለናል።

እና የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኔ ያደግኩት ሰውን አክብረህ አናግረህ፣ ካስፈለገም ሽማግሌ ልከህ ነገር በምትጨርስበት አገር ነው፣ ስለዚህ የቦርዱን (ኮንዶውን የሚያስተዳድረውን ኮሚቴ) ሰብሳቢ ፓርኪንግ ላይ ሳገኘው ነገርኩት፣ "እናየዋለን" አለኝ፣ አመንኩት። ለኮንዶው ማናጀርም በቃል ነገርኳት፣ እሷም ራሷን ነቀነቀች። በሜይ መጨረሻ ፑሉ ተከፈተ፣ ችግሩ ያለቀ መስሎኝ ይዣት ሄድኩ፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ላይፍጋርዱ ደንብ ነው ብሎ ከውሃ አስወጣን፣ የግቢው ልጆች ሁሉ እያዩ። ፎጣ ሳለብሳት "አባዬ፣ ምን አጠፋሁ?" አለችኝ። እስካሁን ይሄን ሳስበው ሆዴ ይቃጠላል።

በንዴት የዛኑ ማታ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ኤዲኤን (የአሜሪካን የአካል ጉዳተኞች ህግ) ጥሳችኋል ብዬ፣ የህክምና ፋይሏንም ሙሉውን አያይዤ። ሁለቱም ስህተት ነበር። ከስንት ሳምንት በኋላ ጠበቃቸው መለሰ፣ ኤዲኤ ለነዋሪና ለእንግዳው ብቻ በሆነ ፑል ላይ አይሰራም፣ ከዚህ በፊትም ምንም ጥያቄ አልደረሰንም አለ። የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ፑሉን ለውጭ ሰው አባልነት እየሸጡ ካልሆነ በቀር ኤዲኤ አይነካቸውም። የናንተ ህግ ፌር ሃውሲንግ አክት (በመኖሪያ ቤት አድልዎን የሚከለክለው የፌደራል ህግ) ነው፣ አካል ጉዳተኛን በ1988 ያስገባው፣ የጋራ መጠቀሚያዎችንም የሚሸፍነው። ሁለተኛው ግን ውሸት ነው፣ ሁለት ሰው ነግሬ ነበር፣ ግን በምን ላስረዳ? መንግስት በ2004 ያወጣው ማብራሪያ ጥያቄው በጽሁፍ መሆን የለበትም ይላል። እኔ ግን በቃል አትጠይቁ እላለሁ፣ ፓርኪንግ ላይ ብትነግሩም ማታውኑ "ዛሬ እንደነገርኩህ" ብላችሁ ኢሜይል ላኩ።

ፋይሏን በመላኬ ደግሞ እስከዛሬ ይቆጨኛል፣ የማላውቃቸው ሰዎች የልጄን ህመም አነበቡት። ዊልቸር ላይ ያለ ልጅ አካል ጉዳተኛ መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፣ ይሄ ተንሳፋፊ ለምን እንደሚያስፈልጋት ቴራፒስቷ የጻፈችው አጭር ወረቀት በቂ ነበር።

ሰመሩ አለቀ። ልጄ ሌሎቹ ሲዋኙ በአጥሩ ታይ ነበር።

በኋላ አንድ ፓራግራፍ ብቻ ጻፍኩ፣ የትኛው ደንብ እንዲነሳላት እንደምፈልግ፣ ለምን፣ እስከ መቼ መልስ እንደምጠብቅ፣ "ሪዝነብል አኮሞዴሽን" (ለአካል ጉዳተኛ ሲባል ደንብን ማላላት) የሚለውን ቃልም አስገብቼ። ዝም አሉ። (ሊፍት ወይም ራምፕ ከሆነ የምትፈልጉት እሱ ሞዲፊኬሽን (ግንባታውን መለወጥ) ነው የሚባለው፣ መከልከል አይችሉም ግን በግል ኮንዶ ብዙ ጊዜ ወጪው የናንተ ነው። ህንጻው ከማርች 1991 ወዲህ የተሰራ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው የጋራ ቦታው ለዊልቸር እንዲመች ተደርጎ መሰራት ነበረበት፣ ስለዚህ የተሰራበትን ዓመት ሳታጣሩ ከኪሳችሁ አታውጡ።)

ለሀድ (HUD፣ የፌደራሉ የቤቶች ጉዳይ መስሪያ ቤት) አቤቱታ ማስገባት ቀላል ነው፣ ኦንላይን ነው፣ ነጻ ነው፣ ሎየር አያስፈልግም። ወደ ስቴቱ ቢሮ ቢያስተላልፉት አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው። ግን ቀኑን እዩ፣ አድልዎ ከተፈጸመባችሁ ጀምሮ ያላችሁ 1 ዓመት ነው፣ ፍርድ ቤት በቀጥታ ለመክሰስ 2 ዓመት። እኔ ሳስገባ ከዛ ከሜይ ቀን 11ኛው ወር ላይ ነበርኩ፣ ቦርዱ "በሚቀጥለው ስብሰባ" እያለ ሊያሳልፍብኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ቂም ይይዙብሃል ሲሉኝም ፈርቼ ነበር፣ አቤት በማለታችሁ ቢበቀሏችሁ እሱ ራሱ ሌላ ጥሰት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

አቤቱታዬን የያዘችው መርማሪ ከደወለችላቸው በኋላ ለአንድ ዓመት ያልሆነው ነገር በስምምነት ተፈታ። ተንሳፋፊው ተፈቀደ፣ ረዳቷ እንግዳ መሆኗ ቀረ፣ የከፈልነውም ተመለሰ፣ ይቅርታ ግን ማንም አላለንም። ወረቀቱ የተፈረመው ኦገስት መጨረሻ ላይ ነው፣ ፑሉ ደግሞ በሌበር ደይ (የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) ይዘጋል። 9 ቀን ቀርቶን ነበር። አንዱን ቀን ዘነበ፣ ስምንቱን ገባች።