አየር ወጣ?

ትርፍ አንጀቱን የተሠራ ሰው ያውቀዋል። ከኦፕሬሽን በኋላ ሐኪሙም ሲስተሯም ደጋግመው የሚጠይቁህ አንድ ነገር ነው፦ "አየር ወጣ?" አንጀት ሥራ መጀመሩ አንዱ የሚታወቀው በእሱ ነዋ። ሌላ ቦታ አንገት የሚያስደፋው ነገር እዚያ የምሥራች ነው። የእኔ የወጣ ዕለት አጠገቤ የተኙት አባት "እንኳን ማርያም ማረችህ!" ብለው ክፍሉን በሳቅ ገደሉት። ስፌት ላለበት ሰው ሳቅ ቀላል አይደለም። ሲስተሯ ግን እየሳቀች "ትራሱን ሆድህ ላይ ደገፍ አድርገህ ሳቅ" አለችኝ፣ እውነትም ይረዳል፣ ለሳልም ይሆናል።

ሆስፒታሉ እዚሁ መሃል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ ብዙ የማይርቅ ነው። እዚያ ተኝቼ የታዘብኩት፣ "ዶክተር፣ ዶክተር" ስንል አፋችን ማር ነው፤ አልጋ የሚገፋውን ራነርና ወለል የምትወለውለውን እናት ግን "እንደምን አደራችሁ" የሚላቸው ጥቂት ነው። እህቴ እያስታመመችኝ ሳለ፣ የጽዳቷ እናት ስትመጣ አልጋዬ ስር ያለውን ፌስታል፣ ፔርሙዝና ነጠላ ጫማ ቀድማ አነሳችላት። "ተባረኪ ልጄ፣ ወገቤን አተረፍሽልኝ" አለቻት። ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆኑ።

ነርሶቹንም ቢሆን ማገዝ ከባድ አይደለም። ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ቀደም ብሎ መናገር ነው፤ አልቆ ደም ወደ ቱቦው ሲመለስ "ሰው የለም ወይ!" እያሉ ኮሪደር ላይ ከመጮህ ይሻላል። አዳር ተረኛዋ ያን ሁሉ አልጋ ይዛ ነው የምትሮጠው። ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደሞዝና በሥራ ሁኔታ ምክንያት ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው እንደነበር እናስታውሳለን መቼም። በገዋን ኪስ ብር መሸጎጥን ግን እኔ አልወደውም፣ ምስጋና ነው ቢባልም ቀጣዩ በሽተኛ ላይ ዕዳ ይሆናል።

ደግሞ ሲያምህ ፈገግ የማለት ግዴታ የለብህም። እኚያው አባት ሌሊት መርፌውን ሲራገሙ ያድራሉ፣ ጠዋት ሲስተሯን "ልጄ፣ ሻይ እንኳ ቀመስሽ?" ይሏታል።

ሐኪሞቹ በሽተኛውን እየዞሩ የሚያዩበት ራውንድ ሲደርስ ደግሞ አልጋህን የከበበውን ዘመድ ራስህ ሸኘው። ጥበቃው ከአክስቶችህ ጋር ለምን ይጣላ?