ገንፎና ኤርታ አሌ

በልጅነቴ እናቴ ለአራስ ጎረቤት ገንፎ ስታገነፋ ወደ ምድጃው እንድጠጋ አትፈቅድልኝም ነበር። ሾርባ ሲፈላ አረፋው ወጥቶ ይጠፋል፤ ገንፎ ግን እንፋሎቱን ውስጡ አምቆ ይቆይና ድንገት ሲፈነዳ ፍንጣሪው ክንድ ላይ ተለጥፎ ያቃጥላል። ስለ እሳተ ገሞራ ሳነብ ትዝ የሚለኝ ያ ምድጃ ነው፤ የፍንዳታውን ኃይል በዋናነት የሚወስኑት የቅልጥ ዐለቱ ውፍረትና በውስጡ የታመቀው ጋዝ ናቸውና።

ብዙ ሰው ከእግራችን በታች ያለው ምድር ሁሉ የቀለጠ ይመስለዋል። ከምድር ቅርፊት በታች ያለው፣ ማንትል የሚባለው ክፍል ግን እጅግ ቢግልም የተጫነው ክብደት ስለማያላውሰው በአብዛኛው ጠጣር ነው። በአፋር የዐረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ ሰሌዳዎች፣ ማለትም የምድርን ገጽ የሸፈኑት ግዙፍ የዐለት ቁራጮች፣ እየተራራቁ ሲሄዱ የምድር ቅርፊት ይሳሳል፤ ያን ጊዜ ከሥር ያለው ትኩስ ዐለት ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ ጫናው ይቀልለታል፣ ተጨማሪ ሙቀት ሳያገኝም መቅለጥ ይጀምራል። በጃፓንና በኢንዶኔዥያ መንገዱ ሌላ ነው፤ ወደ ጥልቁ የሚሰምጠው የውቅያኖስ ወለል ይዞት የሚወርደው ውሃ ዐለቱን በቀላሉ እንዲቀልጥ ያደርገዋል።

ኤርታ አሌ የሾርባው ወገን ነው። ቅልጡ፣ የሚያወፍረው ሲሊካ የተባለ ማዕድን ያነሰው ባዛልት ስለሆነ እንደ ልቡ ይፈስሳል፣ ርቆም ይሄዳል፤ ተራራውም 613 ሜትር ብቻ ከፍታ ያለው፣ መሬት ላይ እንደተጋደመ ጋሻ ዝርግ ነው። የላቫ ሐይቁ ሲታይ ፊቱ ጥቁር ቆዳ ይለብሳል፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ቀይ ብርሃን ይሮጣል፣ ከዚያ ቁራጩ ተገልብጦ ይሰምጥና ሌላ ቆዳ ይጋገራል። እንደ ፉጂ ያሉት ቀጥ ያሉ ተራሮች ግን ላቫና አመድ እየተደራረበ የገነባቸው ናቸው። የሻላ ሐይቅ የተኛው ደግሞ ከታላቅ ፍንዳታ በኋላ ጣሪያው በተደረመሰ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቢሾፍቱ ሄደን ዓሣ የምንበላባቸው ሐይቆችም ቅልጥ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የቆፈራቸው ናቸው፤ ይህን ስነግራቸው የሚያምኑኝ ወዳጆች ጥቂት ናቸው።

ቅርጽ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ከኤርታ አሌ ብዙ የማይርቀው ሃይሊ ጉቢም ጋሻ መሰል ነው፤ ከ2018 ዓ.ም. በፊት መፈንዳቱ በታሪክ አልተመዘገበም ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን ፈነዳ፤ የአመዱ ዓምድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጣ፣ ቀይ ባሕርንም ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ደረሰ፤ እዚያም በረራዎች ተሰረዙ። አመድ ይባል እንጂ የምድጃ አመድ አይደለም፤ የደቀቀ ዐለትና መስታወት ነው፣ ለዚህም ነው የአውሮፕላን ሞተር የሚፈራው። አፍዴራ አካባቢ የነበሩት አርብቶ አደሮች ግን የሚያሳስባቸው በረራው አልነበረም፤ አመዱ ግጦሹን ስለሸፈነው ከብቶቻቸው የሚግጡት አጥተው ነበር።