አንጋጠው ያዩ ሰዎች

ዛሬ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ። የጎረቤቴ ትንሿ ልጅ የያዘችውን ዳቦ ጥላ እጇን አውለበለበች። እኔም እርጥቡ አንሶላ ክንዴ ላይ እንዳለ አንጋጥጬ ቀረሁ። ሰሞኑን ሆዴን ባር ባር ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ።

ዛሬ በማሌዥያ የምትገኘው የፔናንግ ደሴት ሰዎችም እንዲሁ አንጋጠው ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 1941 የጃፓን አውሮፕላኖች የደሴቲቱ ከተማ ጆርጅታውን ላይ ሲደርሱ ሕዝቡ ከመሸሽ ይልቅ ለማየት መንገድ ወጣ። ቦምብ አይተው አያውቁማ! ከተማዋም አንድ ጸረ አውሮፕላን መድፍ አልነበራትም። የእሳት አደጋ ጣቢያው ራሱ ተመታ፤ ቃጠሎውን ማን ያጥፋው? አስከሬን የሚያነሳ ጠፍቶ ለቀናት መንገድ ላይ ቆየ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እንግሊዞች ደሴቲቱን ከያዙ 155 ዓመታቸው ነበር። ሲያስገብሩ፣ ሲዳኙ፣ እንጠብቃችኋለን ሲሉ ኖረው፣ ድብደባው በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሌሊት ነጮቹን በጀልባ አሳፍረው ወጡ። ማላዩ፣ ቻይናው፣ ሕንዱ ጠዋት ሲነሳ ገዢ የለም። ባንዲራቸው ግን እንደተሰቀለ ነው። ያወረደው ሳራቫናሙቱ የሚባል ከሲሎን (ከዛሬዋ ስሪላንካ) የመጣ የጋዜጣ አዘጋጅ ነው፤ ድብደባው እንዲያበቃ ብሎ በቦታው ነጭ ጨርቅ ሰቀለ። ገመዱን ሲስብ እጁ ተንቀጥቅጦ ይሆን?

የእንግሊዝ ክብር በማላያ፣ በኋላ ማሌዥያ በሆነችው አገር፣ የተሰበረው ያን ሌሊት ነው ይባላል፤ እኔም አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1957 ነጻነት መጣ። መሃል ላይ ግን አልዋጥልኝ ያለ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 የፔናንግ ነጋዴዎች ተሰብስበው፣ ከማላያ ፌዴሬሽን ተለይተን በእንግሊዝ ዘውድ ሥር እንሁን አሉ። በሌሊት ጥሏቸው በሄደው! ቀረጥ የሌለበት ወደባቸው እንዳይነካባቸው ሰግተው ነው፤ ይገባኛል። ግን በሰባት ዓመት ይረሳል? ወይስ ሳይረሱ፣ ሌላ መጠጊያ አጥተው ነው?

ጋሼ ትናንት ማታ ደወለ። ያኔ ጥሎን ሲሄድ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ነበር የወጣው። "አይዟችሁ፣ አለሁላችሁ" አለ። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ምርቃቱን አወረደችለት። ተቀበልኳት፤ ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። አፌ ላይ የመጣው ግን "እራት በላህ?" የሚል ነው።

ሌላ ምን እለው ነበር?