ከወንዙ ማዶ

ለንደን እንግዳ ሲመጣልኝ የምወስደው ወደ ሰዘርክ ነው። ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ያለ ጥንታዊ ሰፈር ነው። ቤተ መንግሥቱንና ትልቁን ሰዓት ማንም ያሳያቸዋል። ይህ ሰፈር ግን ቀስ ተብሎ በእግር ሲታይ ነው የሚጥመው። ሰሞኑን አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ስለነበር አብረን ሄድን። ያየነውን ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከለንደን ብሪጅ ጀመርን። የአሁኑ ድልድይ በ1973 የተከፈተ ነው፤ ለዓይን ብዙም አይስብም። የቀድሞው ግን ጉድ ነበር። በ1209 ተሠርቶ ያለቀው የድንጋይ ድልድይ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል። ላዩ ላይ ቤትና ሱቅ ተሠርቶበት ሰው ይኖርበት ነበር። በደቡብ በኩል ባለው በር ላይ ደግሞ በአገር ክህደት የተፈረደባቸው ሰዎች ጭንቅላት እየተሰካ ይታይ ነበር። ከሰዘርክ ወደ ከተማዋ የሚገባውን ሰው የሚቀበለው ይህ ነው።

አክስቴ ግን ዓይናቸው ውኃው ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ወንዝ ወደ ላይ ነው እንዴ የሚሄደው?»

እውነታቸውን ነው። ቴምዝ እዚህ ድረስ ከባሕሩ ጋር ይሞላል፣ ከባሕሩ ጋር ይጎድላል። በቀን ሁለት ጊዜ ውኃው ወደ ኋላ ይመለሳል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 7 ሜትር ይደርሳል። ሲጎድል ከግድግዳው ሥር ጠጠርና ጭቃ ይወጣል፤ በጭቃው ውስጥ ጥንት ሰዎች ያጨሱበት የሸክላ ፒፓ ስብርባሪ ይገኛል። ፈልጎ ለማንሳት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። እኛ ከላይ ሆነን ብቻ አየን።

በወንዙ ዳር ወደ ምዕራብ ስንሄድ ለአክስቴ አንድ ነገር ነገርኳቸው። ይህን ካላወቁ ሰፈሩ አይገባም። የጥንቷ ለንደን በሰሜኑ ዳር፣ በቅጥሯ ውስጥ ነበረች። ሹሞቿ በግቢያቸው እንዲሆን የማይፈልጉት ነገር ሁሉ ሥልጣናቸው ወደማይደርስበት ወደዚህ ማዶ ሄደ። ቴአትር ቤቱ፣ ድብ ከውሻ ጋር የሚያፋልሙበት ሜዳ፣ የሴተኛ አዳሪዎቹ ቤት እዚህ ነበር። እስር ቤቱም በዛ ያለ ነበር። ሀብታሙ በጀልባ እየተሻገረ ተዝናንቶ ይመለሳል። ድሃው ግን እዚሁ ይኖራል፣ እዚሁ ይሞታል። ከቴአትሩ ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ጀልባ ቀዛፊዎቹ ደንበኛ የሚጠብቁባት የድንጋይ መቀመጫ ግድግዳ ውስጥ ተሰክታ እስካሁን አለች። ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። እኔ ሁልጊዜ ቆሜ አያታለሁ።

ግሎብ ቴአትር በ1599 የተሠራው በዚህ ሰፈር ነው። የሼክስፒር ቡድን ነበር የሚሠራበት። በ1613 በትርዒት መካከል መድፍ ሲተኮስ የሣር ክዳኑ ተያይዞ ተቃጠለ። እንደገና ቢሠራም ኋላ ፈረሰ። አሁን ያለው ሳም ዋናሜከር የተባለ አሜሪካዊ ተዋናይ ዕድሜውን ሙሉ የለፋበት ነው። ሰውየው በ1993 ሞተ፤ ቴአትሩ የተከፈተው በ1997 ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ያሳዝነኛል። ጣሪያው እንደ ጥንቱ ሣር ክዳን ነው። ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ ለንደን ውስጥ ሣር ክዳን ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነው ይባላል። አጠገቡ ያለው ቴት ሞደርን ድሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር፤ በ2000 የሥዕል ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። አዲስ አበባ የተወለደችው የጁሊ ምህረቱ ሥራ ከሙዚየሙ ስብስብ ውስጥ እንዳለ ስነግራቸው አክስቴ ደስ አላቸው። ግን እግራቸው ደክሞ ስለነበር አልገባንም።

ቦሮ ማርኬት ጎራ ብለን ዳቦ ገዛን። ግፊያው አይጣል ነው። አንድ መሸጫ ላይ «ይርጋጨፌ» የሚል ጽሑፍ አይተው ዋጋውን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ።

ከገበያው ብዙም ሳይርቅ የዊንቸስተር ጳጳሳት ቤተ መንግሥት ፍራሽ አለ። አንድ ግድግዳ ቆሟል፤ ከላዩ ላይ እንደ አበባ የተፈለፈለ ክብ የድንጋይ መስኮት አለው። በጣም ያምራል። የሰፈሩ ጌታ ጳጳሱ ነበሩ። ክሊንክ የሚባለው እስር ቤት የእሳቸው ነው። የሴተኛ አዳሪዎቹ ቤቶችም በእሳቸው ግዛት፣ በእሳቸው ደንብ ነበር የሚሠሩት። ገቢው ለእሳቸው ነው።

«ጳጳስ?» አሉ አክስቴ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ከዚያ ወደ ሬድክሮስ ዌይ ወሰድኳቸው። ሰዘርክ ውስጥ ሰው ሁሉ እንዲያየው የምፈልገው ቦታ ይህ ነው። መንገዱ ጭር ያለ ነው። አንድ የብረት በር አለ። በሩ ከላይ እስከ ታች በሪቫን፣ በአበባ፣ በትንንሽ ወረቀት ተሸፍኗል። ከበስተጀርባው ያለው መሬት ክሮስ ቦንስ ይባላል።

ጆን ስቶው የተባለ የለንደን ታሪክ ጸሐፊ በ1598 እንዳሰፈረው፣ እነዚያ ሴተኛ አዳሪዎች ከሥራቸው ሳይወጡ ከሞቱ እንደ ክርስቲያን አይቀበሩም ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ የራቀ ለብቻ የተከለለ መሬት ነበራቸው። ያ መሬት ይህ ነው ተብሎ ይታመናል። በሕይወት ሳሉ ቤተ ክህነቱ ግብር ተቀበላቸው፤ ሲሞቱ አፈር ነፈጋቸው። በኋላ ቦታው የድሆች ሁሉ መቃብር ሆነ። በ1853 ከመጠን በላይ ስለሞላ ተዘጋ። 15,000 ያህል ሰው እንደተቀበረበት ይገመታል። በ1990ዎቹ ለባቡር መስመር ሥራ ሲቆፈር 148 አፅም ወጣ። ከግማሽ በላዩ የሕፃናት ነበር።

ይህን ስናገር አክስቴ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። እኛ አገር ቀብር ትልቅ ነገር ነው። የሰፈር ሰው ዕድር የሚያዋጣው ማንም ሰው ያለ ሸኚ እንዳይቀር ነው። ፍትሐት የተከለከለ ሰው ታሪክ ለዘመድ ዘር ሁሉ ቁስል ሆኖ ይኖራል።

«ስማቸውን የሚያውቅ የለም?» አሉኝ።

«የጥንቶቹን የለም፣ እትዬ።»

«በሉ፣ እግዜር ነፍሳችሁን ይማር።» ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዝዘው ከሪቫኖቹ መካከል አሰሩ። ቋጠሮውን እስኪጠብቅ ደጋግመው ፈተሹት።

ቦታው ሊገነባበት ታስቦ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ተከራክረው ነው የመታሰቢያ አትክልት ቦታ ያደረጉት፤ በበጎ ፈቃደኞች ይጠበቃል። በየወሩ በ23 ምሽት ደግሞ ሰዎች በሩ ላይ ተሰብስበው ሙታኑን ያስባሉ። አክስቴ 23 ስላቸው ፊታቸው በራ።

«የጊዮርጊስ ዕለት ነዋ!»

የነሱ 23 ከኛ 23 ጋር እንደማይገጥም ነገርኳቸው። «ይሁን፣ ጊዮርጊስ ቀን አይቆጥርም» አሉ። ትንሽ እንደሄድን በዋናው መንገድ ላይ ቤተ ክርስቲያን አገኘን። ስሙን አነበብኩላቸው፤ ሰማዕቱ ጊዮርጊስ ነው። ተሳለሙት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ረጅም የጡብ ግንብ አለ። ማርሻልሲ ከሚባለው የባለዕዳዎች እስር ቤት የተረፈው ይህ ብቻ ነው። በ1824 የእንግሊዛዊው ደራሲ የቻርልስ ዲከንስ አባት እዚህ ታስሯል። ዕዳው ለዳቦ ጋጋሪ ያልከፈለው 40 ፓውንድ ገደማ ነበር። ልጁ ያኔ 12 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ወጥቶ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ በዕቃው ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። አዲስ አበባ በየጥጉ ከሊስትሮ ሣጥን ጋር የማውቃቸው ልጆች ፊት ይመጣብኛል፤ ዕድሜያቸው እንደሱ ነው።

«ትምህርቱስ ቀረ?» አሉ አክስቴ።

«አባትየው ከተፈታ በኋላ ተመለሰ። እናቱ ግን ሥራውን እንዲቀጥል ፈልጋ ነበር። እሱም ዕድሜውን ሙሉ አልረሳላትም።»

«ቸግሯት ነዋ!» ብለው ቆጣ አሉ። «ባሏ ታስሮ፣ ቤት ሙሉ ልጅ ይዛ! እሱ ጽፎ አስታወቀ፤ እሷን ማን ጠየቃት?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ፌርማታው ላይ ተቀምጠን አውቶቡሱ እስኪመጣ ስለዚያች ሴትዮ አወራን፤ ስንት ልጅ እንደነበራት፣ በምን እንዳኖረቻቸው፣ እስር ቤት ድረስ ከባሏ ጋር ገብታ እንደኖረች።