ተመሳሳይ ሲሊንደሮች ላይ ራዲየስ ፍለጋ አትድከሙ

ሁለት ሲሊንደሮች ተመሳሳይ ናቸው (ቅርጻቸው አንድ ሆኖ መጠናቸው ብቻ የሚለያይ፣ የራዲየሳቸውም የቁመታቸውም ሬሾ እኩል የሆነ) ተብሎ የርዝመት ሬሾ ከተሰጣችሁ ነገሩ ቀላል ነው፣ ሬሾውን ስኩዌር አድርጎ በሚታወቀው የገጽታ ስፋት ማባዛት፣ አለቀ። ራዲየሱ እጥፍ ከሆነ ስፋቱ 4 እጥፍ።

እኔን ያንገበገበኝ ሬሾው በቮልዩም ሲመጣ ነው። የትንሹ ቮልዩም 108 ፓይ፣ የትልቁ 256 ፓይ፣ የትንሹ የገጽታ ስፋት 90 ፓይ፣ የትልቁስ? አስተማሪያችን ሁሌ "መጀመሪያ ራዲየስና ቁመት ፈልጉ፣ ከዛ ፎርሙላው ውስጥ ክተቱ" ነው የሚለን። እሺ ብዬ ገባሁበት። ቮልዩም ፓይ በራዲየስ ስኩዌር በቁመት ስለሆነ፣ ራዲየስ ስኩዌር በቁመት ሲባዛ 108፤ የገጽታ ስፋት ደግሞ 2 ፓይ በራዲየስ፣ በራዲየስና ቁመት ድምር ስለሆነ፣ 90 ፓይን ለ2 ፓይ ሳካፍል ራዲየስና ቁመት ተደምረው በራዲየስ ሲባዙ 45። ቁመቱን አውጥቼ ሰብስቲቲዩት ሳደርግ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? ራዲየስ ኪዩብ ሲቀነስ 45 ራዲየስ ሲደመር 108 እኩል ይሆናል ዜሮ! ለአንዲት የስፋት ጥያቄ ኪዩቢክ ኢኩዌሽን! በግምት 3 ሳስገባ ሰራ፣ ቁመቱም 12 ሆነ። ተገላገልኩ ስል ደግሞ 4.68 አካባቢ ሌላ መልስ አለው፣ ቁመቱ 4.92 ገደማ። አንዱ ቀጭን ረዥም ሌላው አጭር ወፍራም፣ ሁለቱም ግን ቮልዩማቸው 108 ፓይ ስፋታቸው 90 ፓይ። የቱን ልያዝ ብዬ ስጠይቅ "3ን ያዝ፣ ሙሉ ቁጥር ነው" ተባልኩ። ይሄ ምክንያት ነው እንዴ? አሁንም ያናድደኛል።

እኔ የምላችሁ ራዲየሱን እርሱት። 108 ለ256 ሁለቱም ለ4 ሲካፈሉ 27 ለ64 ነው፣ ኪዩብ ሩቱ 3 ለ4፣ እሱ ነው የርዝመቱ ሬሾ፣ ስኩዌር ሲደረግ 9 ለ16። 90 ፓይን ለ9 አካፍሎ በ16 ማባዛት፣ 160 ፓይ። ቀጭኑን ያዙ ወፍራሙን ያው 160 ነው፣ የቱ እንደሆነ ማወቅ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር! ኪዩብ ሩቷን ዘልሎ 90ን በ64 ለ27 የሚያባዛ የመልስ ወረቀትም አይቻለሁ፣ 213 ፓይ ምናምን ይላል፣ አትመኑት።

ብቻ "ተመሳሳይ" የሚል ቃል ጥያቄው ላይ ከሌለ ዝም ብላችሁ ሬሾ አትጠቀሙ። ራዲየስ 3 ቁመት 12 እና ራዲየስ 4 ቁመት 12 ተመሳሳይ አይደሉም፣ እዛ ላይ ያ ፎርሙላ ግድ ነው። ክዳን የሌላቸው ከሆኑም ሁለቱም ክፍት እስከሆኑ ድረስ ስኩዌሩ ይሰራል፣ አንዱ ተከድኖ ሌላው ክፍት ከሆነ ግን አይሰራም።