ንረቱ ወረደ፣ ዋጋው ወጣ

ዛሬ ደሴ ላይ ቡና ስንጠጣ ጨዋታው ሁሉ ፍቺ ሆነ። ፈቺው የሒሳብ መምህር ጓደኛችን ነው።

«ውይይት ምንድነው?» አልነው።

«ውሳኔው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ።»

«አማካይስ?»

«አንዱ ሁለት እንጀራ በልቶ ሌላው ጦሙን ሲያድር፣ ሁለቱም አንድ አንድ በልተዋል ብሎ የሚመሰክር ቁጥር።»

ሳቅን። ወሎ ቁም ነገርን በጨዋታ ማዋዛት ያውቅበታል።

እኔን የያዘኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ቡና የሚያፈሉልን እናት «ሬዲዮው የዋጋ ንረት ቀነሰ ይላል፤ ሰኞ ገበያ ሽንኩርቱ መች ቀነሰ?» አሉ።

«አብሽሩ እትዬ፣ ይሄውልዎት» አለና ቁራጭ ካርቶን ላይ ጻፈላቸው። 100 ብር የነበረ ዕቃ በዓመት 30 ፐርሰንት ሲጨምር 130 ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ንረቱ ወደ 20 ፐርሰንት ወረደ ሲባል፣ ዕቃው 156 ብር ገባ ማለት ነው። የወረደው የጭማሪው ፍጥነት ነው። ዋጋው አሁንም ሽቅብ እየወጣ ነው።

እትዬ ካርቶኑን ትክ ብለው አዩት። «ታዲያ እንዲህ ብለው አይነግሩንም?»

እውነታቸውን ነው። ከልቤ ተናደድኩ። ዜና የምታቀርቡ ወገኖች፣ እባካችሁ ከፐርሰንቱ ጎን ብሩንም ንገሩን።